ከሳሽ ሆኖ መናገር

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ያደረጉትን ንግግር በታሪክ ክፍለ ጊዜ ሁላችንም እናነሣዋለን። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ግን ይህንኑ ንግግር እንደ ንግግር መርምሮ የሚያስተምር መምህር እምብዛም አላጋጠመኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ መሞከር ነው።

በመጀመሪያ አቀራረቡን እንመልከት። ንጉሠ ነገሥቱ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸውም ዝግ ያለ ነበር። ንግግሩን ያሰሙት ከወረቀት እያነበቡ ነው፤ እጃቸውንም አያወናጭፉም። ሊናገሩ ሲጀምሩ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት አወኩ። እርሳቸው ግን ረብሸኞቹ ከአዳራሹ እስኪወጡ ድረስ በዝምታ ጠበቁ። ፈረንሳይኛ አሳምረው የሚያውቁ ቢሆኑም የተናገሩት በአማርኛ ነው።

እንግዲህ ብዙዎቻችን በክፍል ውስጥ በምንጠቀምበት የነጥብ አሰጣጥ ብንመዝናቸው፣ ለድምፅ፣ ለእጅ እንቅስቃሴና ያለ ወረቀት ለመናገር የተመደበውን ነጥብ ሁሉ ባጡ ነበር። ታዲያ ንግግሩ እስከ ዛሬ የሚወሳው ስለ ምንድን ነው?

እንደ እኔ አስተያየት ምሥጢሩ ያለው በአወቃቀሩ ላይ ነው። ንግግሩ በአገራችን የሙግት ሥርዓት ዳኛ ፊት የቆመ ከሳሽን ንግግር ይመስላል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ በመጀመሪያ ማን እንደሆኑና ለምን እንደመጡ ይናገራሉ፤ ይኸውም ለሕዝባቸው የሚገባውን ፍትሕና ከስምንት ወራት በፊት ቃል የተገባላቸውን ርዳታ ለመጠየቅ ነው። ቀጥሎ በደሉን ይዘረዝራሉ። አውሮፕላኖች ዘጠኝ፣ ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ስምንት እየሆኑ ተከታትለው መርዙን እንደ ደቃቅ ዝናብ እንዳወረዱት፣ መርዙም ወታደሩን ብቻ ሳይሆን ሴቱን፣ ሕፃኑን፣ ከብቱን፣ ወንዙንና ግጦሹን እንዳዳረሰ ያስረዳሉ። «አረመኔነት» የሚለው ቃል መቶ ጊዜ ቢደጋገም የእነዚያን አውሮፕላኖች ቁጥር ያህል አድማጭን አይይዝም። በመጨረሻም ዳኛውን ራሱን ይጠይቃሉ፦ ለሕዝባቸው ይዘው የሚመለሱት መልስ ምንድን ነው?

ይህ ማለት ግን ንግግሩ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ስለ ወልወል ግጭት፣ ስለ ውሎችና ስለ ማኅበሩ ቃል ኪዳን የሚተነትነው መካከለኛው ክፍል ለሕግ ዐዋቂ ይስማማ እንደሆነ እንጂ ለተራ አድማጭ ረጅምና አድካሚ ነው። ውጤቱም ቢሆን የተመኙት አልነበረም፤ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ ተነሣ። ስለዚህ ለተማሪዎቻችን «ጥሩ የተናገረ ይረታል» ብለን ልናስተምራቸው አንችልም። ልንነግራቸው የምንችለው፣ ጥሩ የተናገረን ሰው የሰማ ሁሉ ከዚያ በኋላ «አልሰማሁም» ሊል አለመቻሉን ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «የትምህርት ጥቅም» በሚል ርእስ እኔ የጻፍኩላትን ንግግር በቃሏ አጥንታ በሰልፍ ላይ እንድታቀርብ አደረግሁ። ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ጠፋባት፤ ተማሪው ሳቀ፤ እርሷም እያለቀሰች ወረደች። ዓይን አፋር ናት ብዬ ደመደምሁ። ከወር በኋላ በክፍል ስብሰባ ላይ ይህችው ልጅ ተነሥታ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ከሩቅ በእግራቸው የሚመጡ ተማሪዎች ሳይጠቀሙበት እንደሚዘጋ ተናገረች። የሚዘጋበትን ሰዓት፣ የተማሪዎቹን ቁጥርና የምትፈልገውን ለውጥ በቅደም ተከተል ስታስረዳ አንድም ሰው አልሳቀም። ዓይን አፋርነቱ የልጅቱ አልነበረም፤ ጉድለቱ የእኔ ርእስ ነበር። የሚጠየቅ ነገር ያልሰጠሁትን ልጅ ድፍረት እንዲያሳይ መጠየቄ ነበር።

እንግዲህ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በሚቀጥለው የንግግር ልምምድ ርእሱን ለተማሪው እንተውለት። ማን ነህ? ምን አየህ? ምን ትጠይቃለህ? እነዚህን ሦስቱን ከመለሰ ወረቀት ቢይዝም፣ ድምፁ ቢንቀጠቀጥም ነጥቡን አንንፈገው። ድፍረቱ ከጉዳዩ ጋር ይመጣል።