«መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በሐረር ገበያ ሲመዘን

የድሬዳዋ ነጋድራስ የነበሩት የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ደራሲው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። የመጽሐፉ ዐቢይ ሐሳብ፣ የሀብት ምንጭ ወርቅና ብር ሳይሆን በዕውቀት የተመራ ሥራ ነው፤ ዕውቀት ያለው ሕዝብ ከሌለው ጋር ሲገበያይም ትርፉ ወደ ዐዋቂው ያደላል የሚል ነው። ከሚታየው ገንዘብ ተነሥቶ የማይታየውን ምክንያት መፈለግ የኤኮኖሚ ሊቃውንት ልማድ በመሆኑ፣ መጽሐፉ ለመምህራን መልካም አርአያ ነው።

ይሁን እንጂ ሐሳቡ በሐረር ታሪክ ሊመዘን ይገባዋል። ሐረር ከዘይላ ወደብ የሚመጣው የግመል ንግድ መናኸሪያ ነበረች። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ ሲደርስ ግን ደጋዪቱን ከተማ ወደ ጎን ትቷት ዐለፈ፤ ንግዱም እየዋለ እያደረ ወደ ቆላው ወረደ። የጀጎል ነጋዴ ዕውቀት በዚያ ዓመት አልቀነሰም፤ የተለወጠው የማጓጓዣው ወጪ ነው። እንግዲያስ ዕውቀት ብቻውን የሀብትን አካሄድ አይፈታም ማለት ነው።

የደራሲው ደጋፊ በበኩሉ፣ ሐዲዱን የዘረጋውም የፈረንሳዮች ዕውቀት ነው ብሎ ሊመልስ ይችላል። መልሱ ቀላል አይደለም። ክርክሩን በሙከራ መቁረጥ አይቻልም፤ ባቡሩ በሐረር ዐልፎ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር በቤተ ሙከራ የሚያይ የለም። እንዲህ ያለው የኤኮኖሚ ጥያቄ በሙከራ ፈንታ ማነጻጸርን ይጠይቃል።

ስለዚህ የሐረር ተማሪ የ«ሀብት»ን ትርጓሜ በቃሉ ከሚያጠና ይልቅ፣ መጽሐፉን ይዞ ሁለቱን ከተሞች ቢያመዛዝን የበለጠ ይማራል።