የብራባንሺዮ ቤት

ኦቴሎን ያነበበ ተማሪ ቴያትሩ ስለ ምን የተጻፈ ነው ተብሎ ቢጠየቅ «ስለ ቅናት» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ቅናቱ ከምን ዐይነት መሬት እንደ በቀለ አይናገርም።

ሼክስፒር ይህን ድርሰት የጻፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1600ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ወደ አማርኛ የመለሰልን ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። ኦቴሎ ጥቁር የጦር አለቃ፣ ዴዝዴሞና ደግሞ የቬኒስ ሹም የብራባንሺዮ ልጅ ናት። ብራባንሺዮ ኦቴሎን እየደጋገመ ወደ ቤቱ ይጋብዘውና ስላሳለፈው ጦርነትና መከራ ሲተርክለት ደስ ብሎት ይሰማ ነበር። ልጁን ማግባቱን በሰማበት ሌሊት ግን ያ የትናንት እንግዳ ሌባና ጠንቋይ ሆነ፤ ልጅቱን በመድኃኒት አፍዝዞ ወሰደብኝ ብሎ ከሰሰው። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህ ክስ ለእኛ አገር እንግዳ ነውን? ሴት ልጅ ዘመዶቿ ያልፈቀዱትን ሰው ስትወድ «መስተፋቅር አድርጎባት ነው» ሲባል ያልሰማ ማን አለ?

የቬኒስ መስፍን ለኦቴሎ ፈረደለት። ይሁን እንጂ በዚያችው ሌሊት የቱርክ መርከቦች ወደ ቆጵሮስ እየገሠገሡ ስለ ነበር ከተማይቱ ኦቴሎን እጅግ ትፈልገው ነበር። ጦርነቱ ባይኖር ፍርዱ እንዴት ይሆን ነበር? እኔ እጠራጠራለሁ።

ኢያጎም ኦቴሎን ያጠፋው በመሐረቡ ብቻ አይደለም። ከአገሯ፣ ከመልኳና ከማዕርጓ የሆኑትን እምቢ ብላ አንተን መውደዷ ጤናማ ነገር አይደለም ብሎ በጆሮው አንሾካሾከለት፤ ኦቴሎም ጥቁርነቱን እንደ ጉድለት ቈጥሮ የሌሎችን ንቀት ስለ ራሱ እውነት አድርጎ ዋጠው። ከቴያትሩ ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነኝ ከግድያው ይልቅ ይህ ነው።

ነገሩ ከሼክስፒር በፊትም የነበረ ነው። በኦሪት ዘኍልቍ ማርያም ወንድሟን ሙሴን ኢትዮጵያዊት ስላገባ አማችው፤ ቅጣቷም ቆዳዋ በለምጽ እንደ በረዶ መንጣት ሆነ፤ ሰባት ቀንም ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች።

በእኛም ምድር ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ዜጋው ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ወሰነበት። በአሜሪካም ፖል ሮብሰን በ1943 በኒው ዮርክ ኦቴሎን ሲጫወት ሕዝቡ ያጨበጭብ ነበር፤ በብዙዎቹ ግዛቶች ግን እንዲህ ያለው ጋብቻ ወንጀል ነበር። ክልከላውን የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሻረው በ1967 ነው። ጋሉፕ የተባለው ድርጅት የጥቁርና የነጭን ጋብቻ የሚደግፉ አሜሪካውያንን ሲጠይቅ በ1958 ከመቶ 4፣ በ2021 ከመቶ 94 ሆነው ተገኙ።

ወደ ራያ ቆላ እንመለስ። በዚህ አገር አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአያቶች ቤት ተቀላቅለው ተነግረዋል፤ ከዞብል ማዶ የሚመጣው አፋር በቆቦ ገበያ ይገበያያል፤ ክርስቲያኑና እስላሙ በዘወልድ ሥርዐት አብረው ተቀምጠው ደም ያደርቃሉ። አያቶቻችን ግን ንጹሓን ነበሩ አልልም። ለቀጥቃጭና ለሸማኔ፣ ይልቁንም «ባሪያ» እያሉ ለሚጠሩት ሰው ልጃቸውን አይሰጡም፤ አጥንት ቈጥረው ይመልሱት ነበር። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ቢሻርም ቃሉ ከአፋችን አልወጣም። ስለ አሜሪካ ነጮች በቍጣ የሚናገር ተማሪ ጠቈር ያለ ጓደኛውን በዚያው ቃል ሲጠራው ይሰማል፤ ሳቅም ይከተላል።

አሁን የእጅ ሥራ ሰው ልጅ ሲያገባ እንደ ድሮው የሚጮኽ ጥቂት ነው። ይህ መልካም ነው። ዳሩ ግን አንዱ በር ሲከፈት ሌላው ይዘጋል። አማርኛና ትግርኛ ተናጋሪዎች መጋባታቸውን አያቶቻችን እንደ ወሬ እንኳ አይቈጥሩትም ነበር። በቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚል መስመር ከተጻፈ በኋላ፣ ይልቁንም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ቆቦ ደጋግማ ከእጅ ወደ እጅ ከተላለፈች ወዲህ፣ ሽማግሌ ተልኮ ሲመጣ ከጠባዩና ከሥራው አስቀድሞ ወገኑ የሚጠየቅበት ቤት በዝቷል። ከሁለቱ የተወለደው ልጅ ምን ብሎ ይመልስ? እንጀራ አብረን እንቈርሳለን፣ በለቅሶና በሠርግ እንገናኛለን፤ ብራባንሺዮም እኮ ይጋብዝ ነበር።

በድርሰቱ ፍጻሜ ብራባንሺዮ አይታይም። በዴዝዴሞና ሬሳ አጠገብ ቆሞ አባቷ በዚህ ጋብቻ ኀዘን አስቀድሞ መሞቱን የሚናገረው አጎቷ ነው። የኦቴሎን ቤትና ሀብት ተረከብ የተባለውም ይኸው አጎት ነው፤ በሕይወት ሳለ ያልተቀበሉት አማች ለውርስ ጊዜ ዘመድ ሆኖ ተገኘ።