ውኃ የሚያድርበት

በር ሊያሠራ የሚመጣ ደንበኛ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ቀለሙ ነው። የላሜራውን ውፍረት የሚጠይቅም አይጠፋም። የዝናቡ ውኃ በየት በኩል እንደሚወጣ የጠየቀኝ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። የበሩ ዕድሜ የሚለየው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ካረጁት የላሜራ በሮች አንዱን ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲደበድበው የከረመው መሐሉ ደህና ነው፤ የተበላው ከታች፣ ላሜራው ቱቦላሬው ላይ የተደረበበት ነው። ፊቱን የመታው ዝናብ ፀሐይ ስትወጣ ይደርቃል፤ በድርቡ መሐል የገባው ግን እዚያው ያድራል፣ ይሰነብታል። ብረት የሚዝገው ውኃና አየር አንድ ላይ ሲያገኙት ነው። ጠባብ ቦታ ውስጥ አየሩ እኩል ስለማይደርስ፣ አየር ያነሰው ክፍል ቀድሞ ይበላል። ዝገት ከበላው ብረት የሰፋ ቦታ ይፈልጋልና ድርቡን ከውስጥ እየገፋ ይከፍተዋል፤ ከዚያ በኋላ ውኃው እንደልቡ ነው። ኮለን ውስጥ ያለ ፌሮ ዝጎ ስሚንቶውን የሚሰነጥቀውም በዚሁ ጉልበት ነው።

ስለዚህ ላሜራውን እዚህም እዚያም ነካ ነካ አድርጎ በይዶ መተው አልወድም። ክፍተቱ መደፈን አለበት። የቱቦላሬው የላይኛው አፍ ይከደን፣ ከሥሩ ደግሞ ውኃው እንዲወጣ በድሪል ትንሽ ቀዳዳ ይበሳ። አዲስ በር ለምን ትበሳለህ ብሎ የሚቆጣ አለ፤ ይቆጣ።

የዛገ በር ለጥገና ሲመጣ ሥራው ትዕግሥት ነው። የተላጠው በመዶሻና በመፋቂያ ይነሣል፣ ከዚያ የሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት። የግራይንደር ሽቦ ብሩሽ አታላይ ነው፤ ዝገቱን ሳያነሣ ያወለውለውና የጠራ ያስመስለዋል። ከመፋቅ በፊት ቅባቱን በቲነር መጥረግ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ብርጭቆ ወረቀቱ ቅባቱን በየቦታው ያዳርሰዋል። በናፍጣ የሚጠርጉ አሉ፤ ናፍጣ ራሱ ቅባት ትቶ ይሄዳል። በጉድጓዶቹ ውስጥ የቀረውን ስስ ዝገት ፎስፎሪክ አሲድ ወደ ጥቁር ፎስፌት ይለውጠዋል። ወፍራም ዝገት ላይ ቢፈስ ግን ከላይ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሥሩ ጋ አይደርስም።

የጠራ ብረት ሳይቀባ አያድርም። ሌሊቱ ጤዛ አለው፤ የሠራተኛው እጅ ላብ አለው፣ ላብ ደግሞ ጨው ነው። በዚያው ቀን አንቲረስት ካልተቀባ ጠዋት ቡናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቀለም ከሹል ጠርዝ ላይ ስለሚሸሽ ጠርዙን በሞረድ አድቦልቡሎ መጀመሪያ እሱን በብሩሽ መቀባት፣ ፊቱን ከዚያ በኋላ። በሩ ቦታው ላይ ሲተከል የሚጨመረው ብየዳ አንቲረስቱን ያቃጥለዋል፤ ያ ቦታ ተፍቆ እንደገና ካልተቀባ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። ብዙ ሰው ለዚህ ጊዜ የለውም።

ቆርቆሮ ሌላ ነው። የተለበጠበት ዚንክ በብረቱ ፈንታ ራሱ ይበላል፤ ትንሽ ቢጫርም ዙሪያው ያለው ዚንክ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ቀለም ልቀባ ብሎ ዚንኩን በግራይንደር የሚፍቅ ሰው ጠባቂውን ያባርራል። ዚንክ ያለበትን ብረት የሚበይዱ ልጆችም አየር በሚገባበት ቦታ ይሁኑ፤ ጭሱ ትኩሳት ያመጣል።

ለቤት ቢላዋና ለትንሽ መሣሪያ ዝገት ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ይበቃል፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ይቀባ። ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ ከበረኪና ጋር ግን ፈጽሞ አይደባለቅ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፤ በረኪናው ራሱም ብረት ያዝጋል።

ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ የበራችሁን የታችኛውን ጠርዝ በጣት ዳሱት። ቀለሙ አብጦ ከሆነ ላዩን አታስቀቡት፤ መጀመሪያ አስፍቁት።