ወንድሟ መሆኑን ማን ቀድሞ ይወቅ?

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው የመጀመሪያ ፊልሙን ይዞ ወደ ኤዲቲንግ ክፍል የመጣ አንድ ወጣት ዳይሬክተር ያነሳው ጥያቄ ነው። ታሪኩ ለአማርኛ ፊልም ተመልካች እንግዳ አይደለም። ለሰርጋቸው ቀን የቆረጡ ጥንዶች አሉ። ወንዱ ከመንገድ ማዶ ቆሞ እጮኛው ካፌ በር ላይ አንድ የማያውቀውን ሰው አቅፋ ስትስም ያያል። ቅናት አንጀቱን ያሳርረዋል፤ ስልኳን አያነሳም፤ ሽማግሌዎቹን ይመልሳል። ሰርጉ ሊፈርስ ሲል «ያየኸው እኮ ወንድሜ ነው፤ ከዱባይ መጥቶ ነው!» ይባላል። ዳይሬክተሩ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው ደብቆ ማቆየት ይፈልጋል። ኤዲተሩ፣ ማለትም የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ፣ ወንድምየው ቦሌ ኤርፖርት ሲደርስ የተቀረጸውን ሾት ከኋላ አንስቶ ከመተቃቀፉ በፊት ሲያስገባው ልጁ ክው አለ።

«ጋሼ፣ ተመልካቹ ቀድሞ ካወቀማ ምን ሊያይ ይቀመጣል?»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። የዛሬ ተመልካች ብዙ ያየ ነው፣ ትንሽ ፍንጭ ካገኘ መጨረሻውን ይገምታል የሚለው ስጋትም መሠረት አለው። ጸሐፊው ግን በዚህ ነገር ግትር ነው። ፍቅር፣ ቅናትና አንዱን ሰው በሌላው መሳሳት ባሉበት ታሪክ ውስጥ እውነቱን ከሁሉ ቀድሞ ማወቅ ያለበት ተመልካቹ ነው ብሎ ያምናል። ይህን የተማረው ድምፅ አልባ ከሆኑ ፊልሞች ነው።

ክርክሩ ራሱ ከሲኒማ ይቀድማል። ኦስካር ዋይልድ «ሌዲ ዊንደርሚርስ ፋን» የተባለውን ተውኔቱን በ1892 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ሴንት ጀምስ ቴአትር ሲያቀርብ በእጁ አንድ ትልቅ ምስጢር ነበረው። ሌዲ ዊንደርሚር የባሏ ውሽማ ናት ብላ የምትጠረጥራት ሚስስ ኤርሊን፣ ሞታለች ተብሎ የተነገራት የገዛ እናቷ ናት። ዋይልድ ይህን እስከ መጨረሻው ገቢር ሊይዘው ፈለገ። የቴአትር ቤቱ ኃላፊና የባልየውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ጆርጅ አሌክሳንደር ግን ተመልካቹ ቀደም ብሎ ይወቅ ብሎ ወተወተው። ዋይልድ መጀመሪያ አሻፈረኝ አለ፤ ተውኔቱ መድረክ ላይ ከዋለ በኋላ ግን ሐሳቡን ቀይሮ ምስጢሩ ቀደም ብሎ እንዲገለጥ አደረገ።

ኤርነስት ሉቢች በ1925 ይህንኑ ተውኔት ለዋርነር ብራዘርስ ፊልም ሲያደርገው ከአሌክሳንደርም አልፎ ሄደ። ዋይልድ የታወቀባቸውን ስል አባባሎች ከጽሑፍ ካርዶቹ ላይ አወጣቸው፤ የእናትና የልጅነቱን ነገር ደግሞ ገና በመግቢያው ለተመልካቹ ነገረው። ሎርድ ዊንደርሚር የሚስስ ኤርሊን ደብዳቤ ደርሶት ጠረጴዛው ላይ ሳለ ሚስቱና እሷን የሚመኘው ሎርድ ዳርሊንግተን ይገባሉ። የባልየው እጅ ፖስታውን ቀስ ብሎ ይሸሽገዋል። ሚስቱ አላየችም። ዳርሊንግተን አይቷል። ዳርሊንግተን ማየቱን ደግሞ ተመልካቹ አይቷል። አንዲት ቃል ሳይነገር በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ነገር እያወቁ ቆመዋል። ጸሐፊው ይህን ሲን ደጋግሞ ባየ ቁጥር የሚደነቀው በመቁረጡ ጥራት ብቻ አይደለም። ሉቢች ለተመልካቹ ያለው እምነት ይገርመዋል።

ከሁሉ የሚልቀው የአትክልት ስፍራው ሲን ነው። በልደቷ ግብዣ ምሽት ሌዲ ዊንደርሚር ወደ ውጭ ወጥታ ሚስስ ኤርሊንን ከአንድ ወንድ ጋር ታያታለች። የሰውየውን ፊት ቁጥቋጦው ጋርዶባታል። «ባሌ ነው» ብላ ትደመድማለች። ሰውየው ግን ሚስስ ኤርሊንን ሊያገባ የሚፈልገው ሎርድ ኦገስተስ ነው፤ ተመልካቹም ይህን ያውቃል። አሁን ወጣቱ ዳይሬክተር እንደሚፈልገው ሉቢች ይህን ደብቆት ቢሆን ኖሮ የተመልካቹ ዓይን የሚያርፈው ቁጥቋጦው ላይ ነበር፤ ማን ይሆን እያለ። ስለተነገረው ግን ዓይኑ ነፃ ወጥቶ የሴትየዋ ፊት ላይ ያርፋል። ትዳር በአንድ የተሳሳተ ግምት ሲሰነጠቅ በፊቷ ላይ ያያል። የቅናት ፊልም የሚሠራው ይህን ፊት ለማሳየት ከሆነ፣ ተመልካቹን በእንቆቅልሽ ጠምዶ ፊቱን እንዳያይ ማድረግ ኪሳራ ነው።

ሉቢች ይህን መንገድ ቀድሞም ይዞት ነበር። በ1924 የወጣው «ዘ ሜሬጅ ሰርክል» ቪየና ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ጥንዶችን ይዞ ይነሳል። ሻርሎት ለእራት ግብዣ የእንግዶችን ስም በካርድ ጽፋ ቦታ ቦታቸው ላይ ስታስቀምጥ ጓደኛዋን ሚትሲን ከባሏ ከፍራንዝ አጠገብ ታደርጋታለች። ሚትሲ ፍራንዝን ልታጠምደው የምትሞክር ሴት ናት፤ ሻርሎት ግን አታውቅም። ፍራንዝ ከሚትሲ ለመሸሽ ካርዷን አንስቶ በሌላ እንግዳ ካርድ ይተካዋል። ሻርሎት ካርዱ መቀየሩን ታያለች፤ ባሌ ከዚያችኛዋ ሴት ጋር መቀመጥ ፈለገ ብላ ትቀናለች፤ መፍትሔ ብላ የምታደርገውም ባሏን እንድትጠብቅላት ሚትሲን መለመን ነው! ሙሉው ጨዋታ የቆመው በሁለት ቁራጭ ወረቀት ላይ ነው። ተመልካቹ ካርዱን ማን፣ ለምን እንዳነሳው ባያይ ኖሮ ሲኑ ተራ የእራት ግብዣ ይሆን ነበር።

ይህ የሉቢች ብቻ ጠባይ እንዳይመስል በስተር ኪተንን ማየት ይበቃል። በ1924ቱ «ሸርሎክ ጁኒየር» ጀግናው ሲኒማ ቤት ውስጥ ፊልም የሚያሳይ ምስኪን ነው። ለሚወዳት ልጅ የ1 ዶላር ከረሜላ ገዝቶ እንዳይናቅ በማለት ዋጋውን በእርሳስ 4 ያደርገዋል። ተቀናቃኙ በበኩሉ የልጅቷን አባት ሰዓት ሰርቆ በ4 ዶላር አስይዞ፣ በገንዘቡ የ3 ዶላር ከረሜላ ይዞ ይመጣል፤ የመያዣውንም ወረቀት ሹልክ አድርጎ በኪተን ኪስ ይከተዋል። ወረቀቱ ላይ 4 ዶላር፣ ከረሜላው ላይ 4 ዶላር። ምስኪኑ ሌባ ተብሎ ይባረራል። ሌባው ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ታይቷል። ልጅቷ ወደ ወለድ አበዳሪው ሄዳ ሰዓቱን ማን እንዳስያዘው ስታረጋግጥ ፍቅረኛዋ ሥራ ቦታው ተኝቶ መርማሪ የሆነበትን ሕልም እያለመ ነው። ተመልካቹ ያንን ረጅም ሕልም ተዝናንቶ የሚያየው እውነተኛው ዓለም ውስጥ ነገሩ መስተካከሉን ስለሚያውቅ ነው። ምስጢር ለመደበቅ የሚወጣው ጉልበት ሁሉ ለጨዋታ ተረፈ ማለት ነው።

የቻፕሊን «ሲቲ ላይትስ» ግን ለዚህ ክርክር የመጨረሻው ምስክር ነው። ፊልሙ የወጣው በ1931 ነው፤ በዚያን ጊዜ ሆሊውድ ወደ ንግግር ፊልም ተሻግሮ ነበር፤ ቻፕሊን ግን ጸጥታውን መረጠ። ችግሩ አንድ ነበር፦ ዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ የፊልሙን ድሃ ጀግና እንዴት አድርጋ ሀብታም ነው ብላ ትሳሳት? ይህን ለመፍታት ቻፕሊን ረጅም ጊዜ ፈጀ፤ ሲኑ 342 ጊዜ መቀረጹ በብዛት ይጠቀሳል። አበባ ሻጯን የምትጫወተውን ቨርጂኒያ ቼሪልን እስከማባረር ደርሶም ነበር፤ በኋላ መልሷታል። መፍትሔው የመኪና በር ሆነ። ድሃው የተጨናነቀውን መንገድ ለማቋረጥ የቆመ የሀብታም መኪና ውስጥ በአንድ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል። በሩ ሲዘጋ ልጅቷ ትሰማለች፤ ባለመኪና ነው ብላ አበባ ትዘረጋለች። ዓይነ ስውር መሆኗን እሱ የሚያውቀው የወደቀውን አበባ በእጇ ስትዳብስ ሲያይ ነው። የከፈላትን ገንዘብ መልስ ልትሰጠው ስትል የመኪናው እውነተኛ ባለቤት ገብቶ ይሄዳል፤ ልጅቷ ደንበኛዋ የሄደ ይመስላታል፤ እሱም ኮሽታ እንዳያሰማ በጣቶቹ እየረገጠ ይርቃል።

ይህን ሲን ሾት በሾት ከፍሎ ማየት ለጀማሪ ኤዲተር ከብዙ ኮርስ ይበልጣል። ድምፅ የሌለው ፊልም ድምፅን የታሪኩ ማጠንጠኛ አድርጎታል፤ ተመልካቹ የበሩን መዘጋት በዓይኑ ይሰማዋል። ስህተቱም በፊቱ ተወለደ እንጂ በኋላ አልተነገረውም። ከዚያ እስከ ፍጻሜው ድረስ የሚደበቅ ነገር የለም። ልጅቷ ዓይኗ በርቶ፣ የአበባ ሱቅ ከፍታ፣ ያንን ልብሱ የተቀዳደደ ሰው ስቃበት ሳንቲም ስታስጨብጠው እጁን በመንካት ታውቀዋለች። ተመልካቹ ማንነቱን ከአንድ ሰዓት በፊት ያወቀው ሰው ነው፤ አዲስ መረጃ አንድም አልተሰጠውም። ሆኖም ጸሐፊው ያንን ፍጻሜ ደረቅ ዓይን ይዞ የጨረሰ ሰው እስካሁን አላጋጠመውም። ወጣቱ ዳይሬክተር ተመልካቹ ምን ሊያይ ይቀመጣል ላለው፣ የጸሐፊው መልስ ይህ ነው፦ ሌላኛው ሰው የሚያውቅበትን ቅጽበት።

በእርግጥ ተቃራኒ ምሳሌ አይጠፋም። ልጁም ብልህ ነውና «ዘ ካቢኔት ኦቭ ዶክተር ካሊጋሪ» የተባለውን የ1920 የጀርመን ፊልም ጠቀሰ፤ ተራኪው ራሱ የአእምሮ ሕመምተኛ መሆኑ በመጨረሻ የሚገለጥበትን። ፊልሙ ታላቅ ነው፣ ፍጻሜውም ይሠራል። ግን ካሊጋሪ የፍርሃት ፊልም ነው፤ ፍርሃት ከጨለማ ይወለዳል። ቅናት ግን ከማየት ይወለዳል፤ አንድ ሰው አንድ ነገር አይቶ በተሳሳተ መንገድ ሲተረጉመው። የተሳሳተ መሆኑን ተመልካቹ ካላወቀ፣ ያየው ቅናት አይደለም፤ ከገጸ ባሕርዩ ጋር አብሮ ተታሏል።

ከዚህ የተነሳ ጸሐፊው ማንኛውንም የፍቅር ፊልም መጀመሪያ የሚቆርጠው ድምፁን ዘግቶ ነው። ንግግሩን ሙሉ ለሙሉ ያጠፋና ማን ማንን እንዳየ፣ ማን እንዳላየ ብቻ ይደረድራል። ያኔ ብዙ ነገር ይጋለጣል። ተዋናይቷ «አምንሃለሁ» እያለች ዓይኗ ወደ ስልኩ የሄደበት ሾት ለምሳሌ በድምፅ ሲታይ ያልፋል፤ በጸጥታ ሲታይ ይጮኻል። ዳይሬክተሮች የእይታ ሾት ላይ ይቸኩላሉ፤ ንግግሩ ካለቀ ይቆረጥ ይላሉ። ጸሐፊው ግን ያየችውን ነገር በልቧ ተርጉማ እስክትጨርስ፣ አንዳንዴም ጥቂት ፍሬም አልፎ፣ ፊቷ ላይ ይቆያል። በዚህ የተነሳ ጠብ የተፈጠረባቸው ቀናት አሉ። ከወጣቱ ጋር የነበረው ክርክርም በስምምነት አልተዘጋም፤ የኤርፖርቱ ሾት ከመተቃቀፉ በፊት መሆኑ ቀርቶ በፊልሙ አጋማሽ ላይ ገባ። ጸሐፊው አሁንም ቦታው እዚያ አይደለም ይላል።

ግትርነቱ ከየት መጣ ቢባል፣ ከሉቢችም ይቀድማል። እናቱ የሕንድ ፊልም አፍቃሪ ነበረች። ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ ስትገባ ልጇን አስከትላ ነበር። ሂንዲ አንድ ቃል አታውቅም፤ አጠገቧ የተቀመጡትም አያውቁም። ግን መንታ እህትማማቾች ቦታ ሲለዋወጡ፣ ባል በማታ ሌላዋን ሚስቴ ናት ብሎ ሲያናግር፣ አዳራሹ በሙሉ በአማርኛ ይጮህ ነበር፦ «ኧረ እሷ አይደለችም! ዞር በል!» እናቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትነሳና ትቀመጥ ነበር። ሁሉን ነገር ያውቃሉ፤ በማወቃቸው ነው መቀመጥ ያቃታቸው። የንግግር ፊልም ነበር የሚያዩት፤ ለእነሱ ግን ድምፅ አልባ ነበር፤ የሚያነቡት ዓይንን፣ እጅን፣ በርን ነበር። ልጁ ከስክሪኑ ይልቅ የእናቱን ፊት የሚያይበት ጊዜ ይበዛ ነበር። አድጎ የኤዲተር ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚቆርጠው ለማን እንደሆነ ተጠይቆ አያውቅም፤ ቢጠየቅ ግን ለእሷ ነው። የአማርኛውን ንግግር ሳትሰማ ታሪኩ የሚገባት ከሆነ ፊልሙ ተቆርጧል፤ ካልገባት ገና ሥራ አለ።

ሙያውን ሊለምዱ ለሚመጡ ወጣቶች አሁን የሚሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ሶፍትዌር አይነካም። «ዘ ሜሬጅ ሰርክል»ን ይከፍትላቸዋል፤ የእራቱን ግብዣ ያለ ሙዚቃ ያስቀጥልና ወረቀት ያድላቸዋል። ከእያንዳንዱ ካት በኋላ አቁመው ሻርሎት የምታውቀውን፣ ፍራንዝ የሚያውቀውን፣ ሚትሲ የምታውቀውንና ተመልካቹ የሚያውቀውን በአራት ዓምድ እንዲጽፉ ያደርጋል። ካርዱ የተቀየረበት ቦታ ላይ ሲደርሱ የሻርሎት ዓምድ ስህተት ይሞላል፤ የተመልካቹ ዓምድ ላይ ግን አንድም የጥያቄ ምልክት አይኖርም። ወረቀቱን ሞልተው ሲያመጡ የሚያርመው ያንን አራተኛውን ዓምድ ብቻ ነው።