ካሜራ ሽማግሌ ሲሆን

በዩቲዩብ የቀረበው «ላጤ» ሲነሳ ክርክሩ ቶሎ ብሎ «ይሄ ባህላችን ነው ወይ?» ወደሚለው ይሄዳል። አንድ ወንድ፣ ብዙ ሴቶች፣ ካሜራ ፊት የሚደረግ ምርጫ! ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ግን የባሰውን ይሸፍናል። የባሰውን ፍለጋ የአሜሪካዊቷ ኬት ስቴይማን ለንደን በ2020 ያሳተመችውን «ዋን ቱ ዋች» የተባለ አስቂኝ የፍቅር ልቦለድ ማንበብ ይጠቅማል።

ባለታሪኳ ቢያ ሹማከር ስለ ፋሽን የምትጽፍ ወፍራም ሴት ናት። እንዲህ ያለ የፍቅር ውድድር ላይ ለምን ቀጫጭኖች ብቻ ይታያሉ ብላ የጻፈችው ነቀፌታ በኢንተርኔት ይዛመታል። አዘጋጆቹም «እንግዲያው አንቺው ነይና ምረጪ» ይሏታል። ደራሲዋ በትረካው መሃል የመጽሔት ሐሜት፣ የትዊተር ቧልትና የፖድካስት ጨዋታ ትሰነቅራለች። ቢያ ከአንድ ወንድ ጋር ስታወራ አገር ምድሩ አብሮ ያወራል። ያስቃል፤ ያሳቅቃልም።

ለእኛ ግን ይሄ እንግዳ አይደለም። ጅማ ቦሳ አዲስ አንዱ ግቢ ቡና ሲፈላ የጎረቤት ልጅ እጮኛ ጉዳይም አብሮ ይፈላል፦ የማን ልጅ ነው? ከአጋሮ ነው ከሊሙ? ምን ሠርቶ ይበላል? ተመልካች የሌለው ፍቅር እኛም ዘንድ ብርቅ ነው።

ልዩነቱ አገናኙ ላይ ነው። ሽማግሌ ልጅ ለመጠየቅ ሲሄድ ስሙን ያስይዛል። ትዳሩ የተናጋ ቀን «እናንተ አይደላችሁ እንዴ ያመጣችሁት?» ተብሎ እሱው ይጠራል። የልቦለዱ ፕሮዲዩሰር ሎረን ግን ወዳጅ መስላ ትቀርባለች እንጂ የምታስይዘው ነገር የላትም። የቢያ እንባ ለእሷ ጥሩ ቀረጻ ነው። ጥንዶቹ ቢጣሉም ሌላ ክፍል ይወጣዋል። መጽሐፉ የሚበረታው ይሄን ሲያሳይ ነው።

የሚደክመው መጨረሻው ላይ ነው። ፍቅር በደስታ ማለቁን አልጠላሁም፤ የዘውጉ ወግ ነው፣ አንባቢም ለዚያ ነው የሚገዛው። ቅር የሚያሰኘው ደስታው የሎረንን ዕዳ አብሮ መሰረዙ ነው። ደራሲዋ «ወፍራሟም ትመረጥ» ብላ በሩን አስፍታለች፤ የቤቱን ባለቤት ግን በወጉ አልጠየቀችም። ወጥመዱ ለሁሉም እኩል ክፍት ሲሆን ወጥመድነቱ ይቀራል እንዴ?

የአማርኛ ልቦለድ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ወዲህ አፍቃሪን ማስለቀስ በደንብ ያውቅበታል። በዚህ ጉዳይ ቢያስቀን ደግሞ ምን ነበረበት! ታሪኩ የመጨረሻው ክፍል ከታየ በኋላ ይጀምር። ጥንዶቹ ተጣልተዋል፤ የሁለቱ ወገን እናቶችም ነጠላቸውን አጣፍተው የፕሮዲዩሰሯን በር ያንኳኳሉ፦ «ነይ ውጪ፣ ልጄ። አንቺ ነሽ ያገናኘሻቸው፤ ነይና አስታርቂ።»