በምርኮ የተደረሰ ጭፈራ

«የ51ኛው ክፍለ ጦር ሪል» የተባለው የስኮትላንድ የገጠር ጭፈራ የምርኮ ዘመን ሥራ ነው። ክፍለ ጦሩ በሰኔ ወር 1940 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር በሴንት ቫለሪ ተማረከ፤ ወጣቱ የመቶ አለቃ ጂሚ አትኪንሰንም በጀርመን አገር የምርኮኞች ሰፈር ሳለ ጭፈራውን ደረሰ፤ ጓደኞቹም አቃኑለት።

እርምጃው ከጥንት የተወረሰ ነው። አዲስ ሆኖ ያገኘነው አሰላለፉ ነው፤ ይኸውም አራት ጨፋሪዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው በመጀመሪያ በአንዱ ሰያፍ፥ ቀጥሎም በሌላው ሰያፍ ይሰለፋሉ። በዚህም የአገራቸው ምልክት የሆነው የቅዱስ እንድርያስ መስቀል ይሠራል። ነገር ግን መስቀሉ በአንድ ጊዜ ሙሉ ሆኖ አይታይም፤ ሁለቱን መስመሮች የሚያጋጥማቸው የተመልካቹ ልቡና ነው። ስለዚህ መስመሩን የሚያጣምም ጨፋሪ ዜማውን ቢጠብቅም እንኳ ምሥጢሩን ያጠፋዋል። አዲስ ነገር ለመድረስ የሚሻ ወጣት አስቀድሞ የቀደመውን ሥርዓት ጠንቅቆ ይወቅ የምንለውም ስለዚህ ነው።