«መልሱ ስንት ነው?»፦ የሕፃናት የሒሳብ ጥያቄዎች ቋንቋ ሲመረመር

የስያሜ ሂስ ዘወትር የሚያተኩረው በከፍተኛ ሳይንስ ቃላት ላይ ነው። የመጀመሪያ ክፍሎች የሒሳብ ጥያቄዎች ግን «ቃላቸው የታወቀ ነው» በሚል ግምት ሳይመረመሩ ያልፋሉ። ይሁን እንጂ በገንዘብ ላይ በተመሠረቱት የመደመርና የመቀነስ ጥያቄዎች ውስጥ ችግር የሚፈጥረው ይኸው የታወቀው ቃል ነው።

የሚከተለውን ምሳሌ እንመልከት። «አልማዝ ዳቦ በ10 ብር፣ ሙዝ በ20 ብር ገዛች፤ ለባለሱቁም 50 ብር ሰጠች። የገዛቻቸውን ዋጋ ደምሩ። መልሱ ስንት ነው?» መምህሩ የሚጠብቀው 30 ነው። ለሱቅ የተላከ ሕፃን ግን «መልስ» የሚለውን ቃል የሚያውቀው ከባለሱቁ ተቀብሎ ለእናቱ የሚያስረክበው ገንዘብ መሆኑን ነውና 20 ይላል። ይህ ሕፃን መደመርም መቀነስም ችሏል፤ የተቆጠረበት ስሕተት የጥያቄው አዘጋጅ ስሕተት ነው።

«ቀረ» የሚለው ግሥ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ የተረፈውንም የጎደለውንም ያመለክታልና። «ካሳ 50 ብር ነበረው፤ በ30 ብር ደብተር ገዛ። ስንት ይቀረዋል?» ሲባል የሚጠየቀው በእጁ ያለው ነው። «ካሳ 30 ብር አለው፤ የደብተሩ ዋጋ 50 ብር ነው። ስንት ይቀረዋል?» ሲባል ግን የሚጠየቀው በእጁ የሌለው ነው። በሁለቱም መቀነስ ስለሚያስፈልግ አሻሚነቱ ተሸፍኖ ያልፋል። «ካሳ ለደብተሩ 30 ብር ከፈለ፤ 20 ብር ይቀረዋል። ዋጋው ስንት ነው?» በተባለ ጊዜ ግን ይጋለጣል፤ ዕዳ ቀረበት ያለ ደምሮ 50፣ በኪሱ ተረፈው ያለ ደግሞ 30 ይመልሳል። «ይቀራል ካለ ቀንስ» የሚለው የተለመደ ምክርም ለሁለቱም አይረዳም።

አነጋገር ውጤትን እንደሚለውጥ በጥናት ታይቷል። ቶም ሃድሰን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጥናት ወፎችና ትሎች ያሉበት ሥዕል ለአንደኛ ክፍል ሕፃናት ቀርቦ ነበር። «ወፎቹ ከትሎቹ በስንት ይበልጣሉ?» ሲባሉ በትክክል የመለሱት ከመቶ 64 ነበሩ፤ «ስንት ወፎች ትል ያጣሉ?» ሲባሉ ግን ሁሉም መለሱ። ጥናቱ የተካሄደው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቁጥሩን ወደ አማርኛ አናዛውርም፤ ትምህርቱን ግን እንወስዳለን። ተርጓሚውም የንጽጽሩን ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ከመገልበጡ በፊት ሕፃኑ በአፉ እንዴት እንደሚለው ሊያጤን ይገባዋል።

መፍትሔው አዲስ ቃል መፍጠር አይደለም። «መልስ» ለሱቁ ይተው፤ በገንዘብ ጥያቄዎች ለስሌቱ ፍጻሜ «ውጤት» ይበቃል። በ«ቀረ» ፈንታም እንደ ሁኔታው «ተረፈው» ወይም «ጎደለው» ይግባ። ቃላቱ ሁሉ በሕፃኑ አፍ ያሉ ናቸው። በቃል አሻሚነት የተሰናከለን ልጅ «ሒሳብ አይገባውም» ብሎ ከመፈረጅ በፊት የጥያቄውን ቋንቋ መመርመር የእኛ የቋንቋ ባለሙያዎች ግዴታ ነው እንላለን።